ጭብጨባችን ይመለስልን

ለክቡር ኢንጂነር ሄንሪክ ስቴንቫል
የፔሩስካልዮ የኒውክሌር ቆሻሻ ማከማቻ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሄልሲንኪ

ግልባጭ፦ ለሎሂኮስኪ ወረዳ ምክር ቤት አባላት፣ ለክፍለ ሀገሩ ጋዜጣ፣ እንዲሁም ለማንበብ ትዕግሥት ላለው ሁሉ

ካይታቫራ መንደር፣ የካቲት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. 1992

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ የተከበሩት ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። ባለፈው ኅዳር መንደራችን መግቢያ ላይ ረግረግ ውስጥ የገቡት የከተማ ጫማዎችዎም እስካሁን ደርቀው ለመጫማት በቅተው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በረዶው እስከ መስኮቱ ከመድረሱ በቀር ደህና ነን። ላሞቹ ይታለባሉ፣ ሐይቁ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ከኮረብታው አናት ላይ የተከሉት የመቆፈሪያ ማማ መብራቱ ቀንም ማታም ስለማይጠፋ ደግሞ ወደ በረት ስሄድ ፋኖስ መያዝ ቀርቶልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ማንነቴን እንዳስተዋውቅ ይፍቀዱልኝ። ኩባንያዎ በጥር ወር ለየቤቱ የላከውን ባለቀለም መጽሔት ገልጠው መካከሉ ላይ ቢደርሱ ሁለት ገጽ የሞላ ፎቶግራፍ ያገኛሉ። እርስዎ ሾርባ የተሞላ ሳህን ይዘው ቆመዋል፤ ከጀርባዎ የመንደሩ ሰው በሙሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል፤ ከጎንዎ ደግሞ ጭልፋ የያዘች፣ ሽርጥ የታጠቀች፣ እስከ መንጋጋዋ የምትስቅ ወፍራም ሴት አለች። ከሥሩ «የካይታቫራ ነዋሪዎች ፕሮጀክቱን በደስታ ሲቀበሉ» የሚል ጽሑፍ አለ። ወፍራሟ ሴት እኔ ነኝ። ስሜ ታይሚ ኮካሪነን ይባላል። የእርስዎን ስም ከነማዕረግዎ ጽፈው የእኔን ስለዘነጉት፣ ለሚቀጥለው እትም ይጠቅምዎ እንደሆነ ብዬ ነው የምነግርዎ።

እርሻዬ ከካይታቫራ ኮረብታ ግርጌ፣ ከማማዎ ቁልቁል ነው። ከብቶቼም እኔም የምንጠጣው ከኮረብታው ሥር ፈልቆ በበጋም በክረምትም ከማይነጥፍ ምንጭ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ይዤዋለሁ፤ ጉልበቴ ግን እያለቀ ነው። አንድ ልጄ ኦስሞ ከሚስቱ ከማርኬታ ጋር ኦሉ ከተማ ይኖራል፤ ማርኬታ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ በበጋው በዓል ሰሞን ጓዛቸውን ጠቅልለው መጥተው እርሻውን ሊረከቡኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። «ነበር» ያልኩት ስለ መጽሔትዎ ነው። የፊታችን ማክሰኞ የወረዳችን ምክር ቤት ቆሻሻዎን እንቀበል ወይስ አንቀበል ብሎ ድምፅ ይሰጣል፤ በአገራችን ሕግ ወረዳው እምቢ ካለ ማንም አያስገድደውም፤ እሺ ካለ ደግሞ ማርኬታ አትመጣም። እሷ ካልመጣች ኦስሞ አይመጣም፤ እነሱ ካልመጡ እርሻው ከእኔ ጋር ያልቃል። እንግዲህ ይህን የምጽፍልዎ ጨዋታ አምሮኝ አይደለም።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እናንተ መሥሪያ ቤት ያለ ቁጥር የሚነበብ ነገር እንደሌለ ሰምቻለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ዝምታችን። ባለፈው መስከረም ሰዎችዎ በመንደሩ አዳራሽ ሰብስበውን፣ የኒውክሌር ማመንጫዎቹ የጨረሱት ነዳጅ በመዳብ በርሜል ታሽጎ ከኮረብታችን ሥር ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ መቶ ሺህ ዓመት እንደሚያርፍ በሥዕል አስደግፈው፣ ቆሻሻ የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ ከአፋቸው ሳያወጡ፣ እጅግ ባማረ ንግግር አስረዱን። በመጨረሻም ጥያቄ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቁ። ማንም እጁን አላወጣም። በመጽሔትዎ ላይ ይህ «ከነዋሪው አንድም ተቃውሞ አልቀረበም» ተብሎ ተጽፏል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ አገር ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ ሰው ተወልዶ አያውቅም። አባቴ የወተት ገበሬዎችን ማኅበር ዕድሜውን ሙሉ ሲመራ ኖሮ አንድ ጥያቄ ሳይቀርብለት ነው የሞተው። እኛ የምንጠይቀው ስብሰባው ካለቀ በኋላ፣ ውጭ፣ መኪና እስኪሞቅ ድረስ ጫማ ጫማችንን እያየን ነው፤ ያልተጠየቀም ካለ በማግሥቱ በኅብረት ሱቁ ወረፋ ላይ ይጠየቃል። ሰዎችዎ ግን ጥያቄ የለም ሲባሉ ደስ ብሏቸው፣ መጨባበጡን እንኳ ሳይጨርሱ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። እኛ በዚያ ብርድ አፍንጫችን እስኪቀላ ቆመን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ አመሸን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን አደግን እንጂ፣ ዝም ባለ አፍ ኩባንያ እንደሚገባ ማን ነገረን?

ሁለተኛ፣ ስለ ስጦታዎ ምስጋና ለማቅረብ ነው። በጨለማው ወራት ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲሄዱ መኪና እንዳይገጫቸው ካፖርታቸው ላይ አንጸባራቂ ያንጠለጥላሉ። ኩባንያዎ ይህን አውቆ ስሙ የታተመበትን አንጸባራቂ ለተማሪዎቹ ሁሉ አደለ። ከዓለም ሕዝብ መካከል የኒውክሌር ቆሻሻ ለመቅበር መጥቶ፣ በልጆች ደረት ላይ በጨለማ የሚያበራ ነገር ለመስቀል ያሰበ እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። እኛ አሮጊቶቹ ሱቅ ውስጥ ተደጋግፈን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን፤ ሳቁን ስለሰጡን እናመሰግናለን። በዚያው መጽሔት የተስፋ ቃል የተሰጠባቸውን ሰማንያ የሥራ ቦታዎችም አንብበናል። ከሰማንያው ስንቱ የመንደራችን ሰው እንደሚሆን የመስክ ሹምዎን ብጠይቃቸው፣ ለጊዜው የተረጋገጠው የጥበቃው ሥራ ነው አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል ሰው። እኔ በምድር ላሞች አሉኝ፤ እነሱን አይንኩብኝ እንጂ የሰማዩን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛውን ጽፌው ነበር። ኦስሞን በስልክ ባነብለት «እማዬ፣ ይሄ ያስከስሳል፣ አውጪው» ስላለኝ አወጣሁት። ስለ ባሕርይዎ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ዓለቱና ስለ ውሃው። ከሰዎችዎ ጋር የመጣው የድንጋይ ምሁር እጅግ ጨዋ ልጅ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ዓለታችን ከጥንት ከፍጥረት ጀምሮ እንዳልተነቃነቀ፣ ለመጪዎቹም መቶ ሺህ ዓመታት እንደማይነቃነቅ፣ ውሃም በውስጡ እንደማይንቀሳቀስ ከወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቶ አስረዳኝ። ከዚያ ወጥቶ በራሴ ደጅ መኪናውን ቦይ ውስጥ ጨመረና በትራክተር ጎትቼ አወጣሁለት። መቶ ሺህ ዓመቱን እንዲህ አጥርቶ ያየ ዓይን አሥር እርምጃ ፊቱ ያለውን ቦይ አለማየቱ ትንሽ አሳስቦኛል፤ ግን ሁላችንም በረዶ ላይ እንንሸራተታለንና በዚህ አልፈርድበትም። የምፈርድበት በሌላ ነው። ውሃ ከማይንቀሳቀስበት ከዚያ ዓለት ሥር የእኔ ምንጭ ሲፈልቅ ይኖራል። በጥቅምት መቆፈር በጀመራችሁበት ሳምንት ምንጩ እንደ አጓት ደፈረሰ፤ ላሞቹ አሽትተው አፋቸውን መለሱ። ምሁሩን ጠርቼ ባሳየው አጋጣሚ ነው አለኝ። ሊሆን ይችላል። ላሞቼ ግን ስለ አጋጣሚ አልተማሩም፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ከሐይቅ በበርሜል እያመላለስኩ አጠጣኋቸው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እናንተ ነገሩንም ውሃውንም ከላይ ነው የጀመራችሁት።

አምስተኛ። አሁን ወደ ፎቶግራፉ መጣሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ካልኩ አይቆጡኝ።

እርስዎ ለምን እንደተጨበጨበልዎ የሚያውቁ አይመስለኝም። ቢያውቁና ያንን ጽሑፍ ከሥሩ ያስጻፉ ከሆነ ግን ቅድም ያወጣሁትን ሦስተኛውን ቅሬታ ልመልሰው ነው። እዚህ አገር ጫካው የየገበሬው ነው፤ አዳኝ ደግሞ የሁሉንም ጫካ ካልረገጠ ፈረስ የሚያህለውን አጋዘናችንን አድኖ አይጥልም። ስለዚህ ከአያቶቻችን ጀምሮ ባለመሬቱ ያስረግጣል፤ የአዳኞች ማኅበሩ ደግሞ አደኑ ሲያበቃ ባለመሬቱን ሁሉ አዳራሽ ጠርቶ የአጋዘን ሾርባ ያበላል። ኪራዩ ይኸው ነው። ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጥቁር ዳቦ፤ አለቀ። የመጀመሪያው ሳህን የሚቀዳው ትልቁ ኮርማ አጋዘን ለወደቀበት መሬት ባለቤት ነው፤ እሱ ሳህኑን ሲቀበል ሰው ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ለሰውየው አይደለም። አውሬውን ላበላውና ላሳደገው መሬት ነው። ባለመሬቱ ሰካራም ቢሆን፣ ሌባም ቢሆን፣ ከመንደሩ ግማሽ ጋር የተኳረፈም ቢሆን ይጨበጨብለታል፤ ደግሞም ሆኖ ያውቃል።

ታዲያ እርስዎ ባለፈው ዓመት ታምፔሬ ከሚኖሩና ጫካውን በዓይናቸው አይተውት ከማያውቁ ወራሾች ላይ የኮረብታውን ወገብ ገዝተው ባለመሬት ሆኑ። ግብዣው ሲደርስ የማኅበሩ ሊቀመንበር ታውኖ ሪሃነን ጭንቅ ውስጥ ገባ። ታውኖ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ሲናገር የሰማ ሰው ብዙ የለም። ኮሚቴው ሳውና ውስጥ ተቀምጦ፣ እንፋሎቱ ጆሮ እየለበለበ፣ ይጠሩ አይጠሩ ሲል አመሸ። አብዛኛው አይጠሩ አለ። ታውኖ ግን እንዲህ አላቸው፦ «ደንቡን ዘንድሮ ለጠላት ብለን ካጠፍነው፣ ከርሞ ለወዳጅ አይቆምም።» ስለዚህ መጥሪያ ተላከልዎ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሁላችንም የተጽናናነው ሰው ናቸውና ነገሩ ገብቷቸው አይመጡም ብለን ነበር። እርስዎ ግን መጡ፤ ፎቶግራፍ አንሺም ይዘው መጡ። የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለት ድሮ በተረት ነበር የምንሰማው።

ሌላው ደግሞ የኮርማው ነገር ነው። የዘንድሮው ትልቅ ኮርማ ለቀናት አዳኞቹን ሲያደክም ከርሞ፣ በታውኖ በራሱ መሬት ላይ ተመትቶ፣ ወድቆ መቅረት ሲችል በሦስት እግሩ እየተንገዳገደ የድንበሩን ቦይ ተሻግሮ እርስዎ ጫካ ውስጥ ወደቀ። እንስሳ ምን ያውቃል! ከአዳኞቹ አንዱ ገመድ አምጥቶ፣ ጎትተን ወደዚህ እንመልሰው፣ ማን አየን አለ። ታውኖ «እኔ አየሁ» አለና ቢላዋውን አውጥቶ እዚያው እርስዎ መሬት ላይ ማረድ ጀመረ። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ።

እንግዲህ በዚያች ቀን የመጀመሪያው ሳህን የእርስዎ ሆነ። እኔ የማኅበሩን ሾርባ የምሠራ ሴት ነኝና መቅዳት የእኔ ፋንታ ነበር። ቀዳሁ። ሰው ተነሣ፤ እርስ በርስ እየተያየን፣ ጥርሳችንን ነክሰን አጨበጨብን። እኔስ ለምን እንደዚያ እስቅ ነበር ካሉ፣ ጎንበስ ሲሉ የክራቫትዎ ጫፍ ሾርባው ውስጥ ገብቶ ድንች ይዞ ስለወጣ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎ ክራቫቱን በጥበብ ቆርጦ አስቀርቶታል፤ ሳቄን ግን ትቶታል።

ምን ዓይነት ሕዝብ ነው እንዲህ የሚያደርግ ብለው ይገረሙ ይሆናል። ይሉኝታ ይዞት የጠላቱን ሳህን የሚሞላ፣ ከሚዋሽ ይልቅ የሚሸነፍ፣ ሞኝ ሕዝብ ነው። ሞኝነታችንን አልክድም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ንቀውን እንደሆነ ግን የናቁት ልንኮራበት የሚገባንን ነገር ነው።

ቀጥሎ ለምጽፈው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ቅሬታም አይደለም፤ ኅዘን ነው።

መጽሔትዎ ኦሉ ድረስ ደረሰ። ማርኬታ ደወለችልኝ። ምራቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ያን ዕለትም አላደረገችም። «እማዬ፣ ፎቶው ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «በገዛ እጅዎ ቀዱለት? እየሳቁ?» አለችኝ። ስለ ኮርማው፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ ክራቫቱ ላስረዳት ሞከርኩ። ክቡር ሆይ፣ እስቲ አንድ ቀን ይሞክሩት፤ የቆሰለ አጋዘን ቦይ ስለ ተሻገረ ነው የተሳሳቅነው ብለው በስልክ ለነፍሰ ጡር ሴት ያስረዱ። ለራሴ ጆሮ እንኳ የእብድ ወሬ ሆነብኝ። እስክጨርስ ታገሠችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «እርስዎ እዚያው ተወልደው እዚያው አርጅተው እምቢ ያላሉትን፣ እኔ ሆዴን ይዤ መጥቼ እምቢ ልበል?»

ስልኩን ዘጋሁና በረት ገብቼ፣ ግንባሬን ከላሟ ጎን አስደግፌ አለቀስኩ። ባሌ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም፤ የያኔው ኅዘን ነበር፣ የአሁኑ ኀፍረት አለበት። አንድ ቤት ሊዘጋ ሲል ምን ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ይሆን? መጀመሪያ ሰው ስለ ዛፍ መትከል ማውራት ይተዋል። የፖም ችግኝ አዝዤ ነበር፤ አስቀርቼዋለሁ።

ነገሩ በእኔ ቤት ብቻ ቢቀር ባልጻፍኩልዎ። የምክር ቤቱ አባል የሆነው የአጎቴ ልጅ ቫይኖ መጽሔቱን ይዞ ኅብረት ሱቅ መጣና ሰው ሁሉ በተሰለፈበት ዘረጋው። እሱ በግሉ ሐሳቡ ገና እንዳልቆረጠ፣ ወረዳው ድሃ መሆኑን፣ ትምህርት ቤቱም ሊዘጋ መሆኑን ተናገረ፤ ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ጣቱን ፎቶው ላይ አድርጎ «እናንተ ራሳችሁ ቆማችሁ እያጨበጨባችሁ፣ እኔ ማንን ወክዬ ነው የምቃወመው?» አለን። የዳቦ መደርደሪያው ጋ ቆመን ሁላችንም ጫማችንን አየን። እሱን የመሰሉ፣ ወዲህም ወዲያም ያላሉ አባላት በምክር ቤቱ ውስጥ እንደማያንሱና ማክሰኞ ነገሩ በእነሱ እንደሚቆረጥ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ፎቶውም የታተመው ለእነሱ ነው እንጂ ለእኔ ውበት አይደለም።

በዚህ ምክንያት የአዳኞች ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ሰው የበላው ሾርባ አይመለስም፤ የተጨበጨበ ጭብጨባም እንዴት እንደሚመለስ ደንባችን ላይ የለም። እስከዛሬ የሚያስፈልገው ሰው አልመጣም ነበር። በእንደዚህ ያለ ነገር ላይ ሰባኪ ቢኖረን ጥሩ ነበር፤ ያለን ግን ታውኖ ነው። ታውኖ ተነሣ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ረጅም ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ደንቡ ልክ ነበር፤ ዝም ማለቴ ግን ልክ አልነበረም። ማክሰኞ ሄጄ አልፈልግም እላለሁ።» ተቀመጠ። ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር፤ አጋዘን ተሸክሞ ከጫካ ሲወጣ እንኳ እንደዚያ አያልበውም።

ከእሱ ቀጥሎ የሆነውን ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በመንደራችን ያየ የለም። ሰው እጁን አወጣ። አንድ ሰው ሳይሆን አዳራሹ በሙሉ፣ አንዱ ሌላውን እያየ፣ መጀመሪያ እስከ ትከሻ፣ ከዚያ ከፍ እያደረገ አወጣ። አንዱ አሮጌ አዳኝ ጥያቄ ያለው ይመስል እጁን አንሥቶ ቆየና፣ ምን ልትጠይቅ ነው ሲሉት «ምንም። እጄ ይነሣ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው» አለ። ሳቅን፤ እጃችንን ግን አላወረድንም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የማሳውቀው የሚከተለውን ነው። ማክሰኞ ፎቶዎ ላይ ያሉት ሰዎች በሙሉ፣ አልጋ ከያዘው ከአንዱ በቀር፣ ሎሂኮስኪ ወርደን በምክር ቤቱ አዳራሽ የተመልካች ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ከስብሰባው በፊት ነዋሪ እንዲናገር ሰዓት እንደሚሰጥ ከወረዳው ጸሐፊ አረጋግጫለሁ። እያንዳንዳችን ስማችንን እንናገራለን፤ በመጽሔቱ ላይ ከግራ ስንተኛው እንደሆንን እናሳያለን፤ አልፈልግም እንላለን፤ እንቀመጣለን። ረጅም ንግግር የለንም። አንዳንዱ አፉ ደርቆ ከስሙ በላይ ላይወጣለት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ጭንቅላቱን በእምቢታ እንዲነቀንቅ ተስማምተናል። ሰዎችዎ ይህንንም ዝምታ ነው ብለው እንዳይመዘግቡት አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ።

ከእርስዎ የምለምነው ደግሞ ቀላል ነው። ቀሪዎቹን መጽሔቶች ከማደልዎ በፊት ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ ያስቀይሩልኝ። «የካይታቫራ ነዋሪዎች የወደቀውን አጋዘን ላሳደገው መሬት ሲያጨበጭቡ» ይበል። እርስዎንም ከፎቶው አያውጡ፤ ይቆዩ፤ ባለመሬት ነዎትና መብትዎ ነው። ከርሞም ኮርማው እርስዎ ጫካ ውስጥ ከወደቀ የመጀመሪያውን ሳህን እኔው እቀዳልዎታለሁ፤ እንነሣለን፤ እናጨበጭባለን። ያን ቀን ግን ፎቶግራፍ አንሺ ይዘው ከመጡ ጭልፋውን ለሌላ ሥራ እንዳላውለው እፈራለሁ።

ለተከበሩት ባለቤትዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ለኩባንያዎ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ መቶ ሺህ ዓመት ካልኖረ በርሜሎቹን ማን ሊጠብቅ ነው? የጻፍኩት ሁሉ ከድፍረት ሳይሆን፣ እኔን የምታህል ሴት እርስዎን ለሚያህል ሰው ያላትን ተገቢውን አክብሮት ከመግለጽ እንዲቆጠርልኝ እየለመንኩ፣ በፎቶግራፍዎ ውስጥ ሳይጠይቁኝ ላስገቡኝ ክብር ዘወትር ባለዕዳዎ የሆንኩ፣

ታይሚ ኮካሪነን
የላሞች ባለቤት፣ የአዳኞች ማኅበር ሾርባ ሠሪ፣
በገጽ መካከል ከእርስዎ በስተግራ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦

በዚያ ግብዣ ላይ ተነሥተው፣ የመዳብ በርሜሉን ከራስዎ አልጋ ሥር ቢያስቀምጡት እንኳ እንቅልፍ እንደማይነሳዎ ለአዳራሹ ከተናገሩና ወደ ወንበርዎ ከተመለሱ በኋላ፣ ማንኪያዎን አንሥተው መልሰው አስቀመጡትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የጠየቁኝን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። «ይቅርታ እመቤት፣ ይህ ሥጋ ከቼርኖቤል ፍንዳታ ወዲህ ለጨረር ተመርምሯል?» ነበር ያሉኝ። ተመርምሯል፣ ንጹሕ ነው አልኩዎ፤ እንግዳ ነዎትና ሰው ፊት ላሳፍርዎ አልፈለግሁም። እንዲያም ሆኖ ከግማሽ በላይ ትተውት ሄዱ። ትናንት ይህን ለማርኬታ ነገርኳት። «እሱ ለአንድ ማንኪያ ሾርባ ይሄን ያህል ከፈራ፣ እኔ ለልጄ ምን ያህል ልፍራ?» አለችኝ። መጠኑን አላወቅሁትም። ባለሙያው እርስዎ ነዎትና ማክሰኞ ሲመጡ ለምክር ቤቱ ይንገሩልኝ።